ክራር ይዞ የማያውቅ ልጅ ክራር መቺ ሆኖ ሊተውን ነው፤ እጁን ምን እናድርገው?

የአራዳ ካሜራ
ሰላም ለሁላችሁ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፒያሳ ዙሪያ የሚያድር፣ አንዴ የሰማውን ዜማ የማይረሳ የ12 ዓመት የሙት ልጅ አለ። እናቱ ስታንጎራጉርለት የነበረውን ዜማ ቸርችል ጎዳና ላይ በክራር ሲጫወተው ከማታውቀው አክስቱ ጆሮ ይገባል። የቤተሰብ ድራማ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ወላጆቹን በሙዚቃ የሚፈልግ ልጅ ያለበት የሆሊዉድ ፊልም የ«ኦገስት ረሽ» የሩቅ ዘመድ ነው ብትሉኝ አልቀየምም።

ልጁ ተመርጧል። ፊቱ ካሜራ ይወዳል፤ ክራር ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ያለን ጊዜ 6 ሳምንት ነው። ሁለት ካሜራ አለን፣ አንዱ ስልክ ነው። ድምፁን እዚያው መንገድ ላይ እንቅረጸው ወይስ አስቀድመን? ልጁን እናስተምረው ወይስ የሌላ ሰው እጅ እናሳይ? ክራሩንስ በምን ቅኝት እንቃኘው?

ድምፅ ክፍል
ድምፁ አስቀድሞ፣ ያለ ምንም ክርክር። ቸርችል ላይ ሙዚቃ በቀጥታ እቀርጻለሁ ካልክ እያንዳንዱ ቀረጻ ውስጥ የተለያየ ታክሲ ይገባብሃል፤ ኤዲት ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቆርጥ ክራሩ ሳይሆን ጥሩንባው እየዘለለ ይሰማል።

ቤት ውስጥ ቅረጹት። ግድግዳው ላይ ፍራሽና ጋቢ ስቀሉ፤ ኮንደንሰር ማይክ ከክራሩ ቆዳ ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ. ርቀት፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘመም አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፊት ለፊት ከቆዳው ቀዳዳ ጋር ካጋጠማችሁት «ቡም» የሚል ወፍራም ድምፅ ይሞላዋል። መቅረጫውን 48 ኪሎ ሄርዝ፣ 24 ቢት ላይ አድርጉ፣ የድምፁ ጫፍ ከ−12 ዴሲቤል አካባቢ እንዳያልፍ። አንዱን ዜማ በሦስት መልክ ያዙት፦ በትክክለኛ ፍጥነቱ፣ ለልምምድ በ70 በመቶ ፍጥነት፣ እና ክራሩ ብቻውን ያለ ከበሮ። መጀመሪያው ላይ አራት ምት ቆጠራ አስገቡ፤ ካልሆነ ልጁ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ምት ዘግይቶ ይገባል፣ ያቺን ደግሞ በኋላ የሚያድናት ነገር የለም።

ቀረጻ ቦታ ላይ ያንን በድምፅ ማጉያ ትለቃላችሁ፣ ልጁ አብሮ ይመታል። ድምፅ ማጉያው ግን ብሉቱዝ እንዳይሆን፤ ይዘገያልና ከንፈርና እጅ ይለያያሉ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። በፍራሽ መሀል የተቀረጸ ክራር መንገድ ላይ ሲገባ ከሌላ ዓለም የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ቀረጻው ሲያልቅ ክራር መቺው እዚያው ቸርችል ላይ ቆሞ አንዴ ይጫወትላችሁ፣ ማይኩ 5 ሜትር ርቆ። ከትዕይንቱ ጋር ባይገጥምም ግድ የለም፤ ከንጹሑ ሥር በትንሹ ትቀላቅሉታላችሁ። ባዶውን የቦታ ድምፅም ቢያንስ 60 ሴኮንድ ያዙ፣ ሁሉም ሰው ጸጥ ብሎ።

ባለ አምስት ጅማት
የድምፁ ነገር ተነግሯል። እኔ ወደ እጁ ልምጣ።

ፈረንጅ ተመልካች ክራር ስለማያውቅ ልጁ እጁን ቢያወናጭፍም ያምናል። እዚህ አገር ግን ከአዳራሹ ግማሹ ክራር ሲመታ አይቷል፤ ውሸቷ በሦስት ሴኮንድ ትታወቃለች። የምትታወቀውም በቀኝ እጅ አይደለም፣ በግራው ነው።

ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። ድርድር ሲሆን ጣቶች አንድ በአንድ ጅማቱን ይነካሉ። ግርፍ ሲሆን ቀኝ እጅ በመምቻ ሁሉንም ጅማት በአንዴ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከጀርባ ሆነው የማይፈለጉትን ጅማቶች አፍነው የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። ዜማውን የሚሠራው ግራው ነው ማለት ነው። ያልተማረ ተዋናይ ቀኙን እያወዛወዘ ግራውን ክራሩን ለመደገፍ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ጣቶቹ ድርቅ ብለው ይቀራሉ። 6 ሳምንት ብቻ ላለው ልጅ ግርፍን ተዉት፣ ድርድር አስተምሩት። ዜማው ከ8 እስከ 10 ድምፅ ባለው አጭር ሐረግ የሚመላለስ ከሆነ በቀን 40 ደቂቃ ያህል ይዞ በሦስተኛው ሳምንት እጁ ይለምደዋል። የቀረው ሦስት ሳምንት ለፊቱ ነው፣ ማለትም እጁን ሳያይ እንዲመታ። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ጣቱን እያየ አይጫወትም፤ ይህቺ አንዷ ነገር ከፍጥነት ሁሉ ትበልጣለች።

ናይለን ጅማት ግዙለት፣ ሽቦውን አይደለም። ሽቦ ለጋ ጣት ያቆስላል፣ በአራተኛው ቀን ክራሩን ማየት ይጠላል። ናይለን አዲስ ሲገባ ይለጠጣል፤ ቀረጻው ዋዜማ ላይ ከቀየራችሁ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ይውላል። ከአንድ ሳምንት በፊት ቀይሩ።

ቆዳውም የራሱ ጠባይ አለው። በዝናብ ቀን እርጥበት ይስብና ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ይደበዝዛል። ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ይወጠርና ይወጣል። ከእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ጥላ አስገብታችሁ ወዲያው ብትቀርጹ የጠዋቱና የከሰዓቱ አይገጥሙም። ድምፁ አስቀድሞ ከተያዘ ይህ ግድ የለውም፤ መንገድ ላይ በሚቀረጸው ላይ ግን ግድ አለው።

የአራዳ ካሜራ
እናመሰግናለን። ቅኝቱስ? ትዝታ ነው ብለን ወስነን ነበር፣ ግን ትዝታ ሁሉም ፊልም ላይ አለ የሚል አስተያየት መጣ።

ባለ አምስት ጅማት
ትዝታ መብዛቱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ትዝታን እንደ መጋረጃ ከኋላ ሰቅሎ መተው ነው።

ዶ ብለን ከጀመርን ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚን እና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጋቸው ትዝታ ማይነር ሆነ። ሁለት ጅማት ብቻ! ቀንበሩ (ጅማቶቹ የሚታሰሩበት የላይኛው እንጨት) ላይ ሁለት መጠምዘዝ፣ ሌላ ምንም። ልጁ ሊቅ መሆኑን ማሳየት የምትፈልጉ ከሆነ ትዕይንታችሁ ይኸው፦ አንድ ሰው በሜጀር የተቃኘ ክራር ይሰጠዋል፤ ልጁ ጅማቶቹን አንዴ ይነካል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ሁለቱን ብቻ ያላላል። እናቱ ያንጎራጎረችለት በማይነር ነበራ። አንድም ቃል ሳይነገር ጆሮው ታየ። አክስቲቱም የምታውቀው በዚያው ነው።

ሌላው ነገር፣ ክራር ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ከሌላ መሣሪያ ይሻላል። ጅማቶቹ ሁሉ አስቀድመው በቅኝት ስለተቃኙ የትኛውንም ብትነካ ከቅኝቱ አትወጣም። ያልተማረ ልጅ ይዞት ደስ የሚል ነገር ቢያወጣ ማንም «አይሆንም» አይልም። ከላይ የጠቀስከው ፊልም ላይ ልጁ ጊታሩን በመዳፍ እየመታ የሚጫወተው በከንቱ አይደለም። በክፍት ቅኝት ላይ መዳፍ ሲያርፍ መጥፎ ድምፅ አይወጣም፤ ኮርድ ያልተማረ ልጅ ሊያደርገው ይችላል ብለህ ታምናለህ።

ማሲንቆ ወዳድ
ታዲያ ማሲንቆ ለምን ተረሳ? መንገድ ላይ፣ ሕዝብ መሀል፣ አዝማሪ... ለፒያሳ ይበልጥ የሚቀርበው እሱ አይደለም?

ባለ አምስት ጅማት
ማሲንቆ ውብ ነው፣ ለዚህ ልጅ ግን አይሆንም። አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ ጣት ጅማቱን ከጎኑ ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። የትኛው ቦታ የትኛው ድምፅ እንደሆነ የሚነግርህ ምልክት የለም። ያልተማረ ልጅ ማሲንቆ አንስቶ ወዲያው ዜማ ቢያወጣ ማሲንቆ የሚያውቅ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ይስቃል።

ሆኖም ልጁን የሚጠቀምበት፣ ሳንቲሙን የሚሰበስበው ጎልማሳ ገጸ ባሕርይ አዝማሪ ከሆነ ግሩም ነው። ለእሱ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ለአስመሳይ ቀረጻ ደጋኑ ላይ ሙጫ ያልነካው አዲስ የፈረስ ጭራ እሰሩ። ሙጫ ከሌለ ጭራው ይንሸራተታል፣ ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። ተዋናዩ እንደልቡ ይገዘግዛል፣ ከማጉያው ከሚመጣው ጋር አይጋጭም። ሙጫ የነካውን ደጋን ለየብቻ አስቀምጡ፤ አንዴ ከተነካካ መመለሻ የለውም።

ኤዲተሩ
ከላይ ስለ ብሉቱዝ የተባለውን ላስተካክል፣ ምክንያቱ ትክክል አይደለምና።

ብሉቱዝ ይዘገያል፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ። በ25 ፍሬም፣ ማለትም ካሜራው በሴኮንድ 25 ሥዕል ሲይዝ፣ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ነገር ግን ልጁም የሚሰማው የዘገየውን ነው፣ የካሜራው ማይክም የሚይዘው የዘገየውን ነው። ኤዲት ላይ የምታመሳስለው ከካሜራው ድምፅ ጋር ስለሆነ መዘግየቱ ምንም አይጎዳም። ብሉቱዝ የሚጎዳው ሲቆራረጥ ነው፤ ሲቆራረጥ መዘግየቱ ራሱ ስለሚለዋወጥ መሀል ላይ ይስታል። ስለዚህ ገመድ ይሻላል፣ ግን በዚህ ምክንያት።

እውነተኛው ጠላት ርቀት ነው። ድምፅ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል፤ ወደ 14 ሜትር ሲርቅ አንድ ሙሉ ፍሬም ዘገየ ማለት ነው። ማጉያው ልጁ እግር ሥር ሆኖ ካሜራው 28 ሜትር ርቆ በረጅም ሌንስ ሲቀርጽ የካሜራው ማይክ ሁለት ፍሬም የዘገየ ይይዛል። ከዚያ ጋር ካመሳሰልክ ጣቱ ከድምፁ ሁለት ፍሬም ቀድሞ ይነካል። ክራር ላይ ሁለት ፍሬም ይታያል። እንዲህ ላለው ቀረጻ ድምፁን ከልጁ አጠገብ በትንሽ መቅረጫ ያዙ፣ ወይም ኤዲት ላይ ድምፁን በእጅ ሁለት ፍሬም አስቀድሙ።

ስልኩ ደግሞ ዋናው ራስ ምታት ነው። ብዙ ስልክ የፍሬም ፍጥነቱን እንደ ብርሃኑ ራሱ ይቀያይራል። መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው ይስታል። ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ለውጡት። አንዱ ካሜራ 30 ሌላው 29.97 ከሆነም ልዩነቱ አንድ ሺኛ ነው፤ በ4 ደቂቃ ዘፈን ወደ 240 ሚሊ ሴኮንድ ይደርሳል፣ በ25 ሲቆጠር ስድስት ፍሬም። ሁለቱንም 25 ላይ አድርጉ። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ሹተሩን (እያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ስታደርጉ የካፌውና የሱቁ አምፖልም አይንቀጠቀጥባችሁም።

ለፈጣኑ ክፍል አንድ ተንኮል አለ። ሙዚቃውን በ80 በመቶ ፍጥነት ልቀቁ፣ ካሜራውን 20 ፍሬም ላይ አድርጉ፣ በ25 አሳዩት። በደቂቃ 96 ምት የመታው ልጅ 120 የመታ ይመስላል። እጅ ብቻ በሚታይበት ቅርብ ቀረጻ ላይ ነው ታዲያ፤ ከኋላ አላፊ አግዳሚ ካለ እንደ ድሮ ዝም ፊልም ሰው ሁሉ ይንጠራወዛል።

ድምፅ ክፍል
የብሉቱዙን ተቀብያለሁ። ርቀቱን ረስቼው ነበር።

አክስቲቱ ልጁ እየመታ የምትናገር ከሆነ ግን ማጉያ አይሠራም፣ ንግግሯ ውስጥ ሙዚቃው ይገባል። ለልጁ ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ስጡት፣ በቆብ ወይም በፀጉር ሸፍኑት። ለዚህ ነው ልጁ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ቆብ ቢኖረው የሚሻለው፤ ከመሀል ድንገት ቆብ ሲያደርግ ተመልካች ይጠይቃል።

እጅ ቆጣሪ
የሌላ ሰው እጅ ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ። በ«ኦገስት ረሽ» በቅርብ ቀረጻ የሚታየው የጊታር ተጫዋቿ የካኪ ኪንግ እጅ ነው። ስለዚህ ነውር የለውም፣ ሆሊዉድም ያደርገዋል። ግን የሚያጋልጡትን ልቁጠር፦ የጥፍር ርዝመት፣ ከጥፍር ሥር ያለው ቆሻሻ (ጎዳና የሚያድር ልጅ ነው፣ ንጹሕ ጥፍር ከየት አመጣ?)፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የቆዳ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእጅ መጠን። የትልቅ ሰው እጅ ክራሩን ያሳንሰዋል። ክራር የሚመታ ሌላ ልጅ ፈልጉ። ካልተገኘ ትልቁ ሰው ትልቅ ክራር ይያዝ፣ በሰፊው ቀረጻ ልጁ የሚይዘውም ያው ትልቁ ይሁን። ትልቅ ክራር ልጁንም ያሳንሰዋል፣ ያስጠጋዋል፤ ለታሪካችሁ እንዲያውም ይጠቅማል።

የአራዳ ካሜራ
ደስ ይላል፣ ምክንያቱም የ12 ዓመቱን ልጅ የሚተውነው ልጃችን ራሱ 15 ሞልቶታል፣ ቁመቱ ነው የሚያሳንሰው።

ፕሮዳክሽን ማኔጀር
15 መሙላቱ ከቁመቱ በላይ ይጠቅማችኋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። «ሌሊት ጎዳና ላይ ሲያድር» የሚለውን ትዕይንት ምሽት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጠቅልሉ። ሲጨልም ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሁን ምሽቱ 2 ሰዓት ካሜራ አይለይም፤ የሱቅ መብራት ብቻ አጥፉ።

ቦታውን በተመለከተ ስክሪፕቱ መቼ እንደተጻፈ አላውቅም፣ ግን ፒያሳን እንደገና ዙሩ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙው ፈርሷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያም ያንኑ ዓመት ተከፍቶ መልኩን ቀይሮታል። ታሪኩ «ከ10 ዓመት በፊት» የሚል ክፍል ካለው ሰፊ ቀረጻ አይቻልም፤ ጠባብ ያዙ፣ በር፣ ደረጃ፣ የእግረኛ እግር። ጊዮርጊስ አጠገብ እሑድ ጠዋት ትራፊክ የለም ብላችሁ ከወጣችሁ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለውን ሞክሩ። ብርሃኑም ያኔ ጎን ለጎን ነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ የልጁን ዓይን ጉድጓድ ታደርገዋለች።

ዜማውን ደግሞ ራሳችሁ አዘጋጁት። የታወቀ ዘፈን ከሆነ በአዋጅ 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ባለቤት የሌለው የሕዝብ ዜማ ቢሆን እንኳ ሌላ ሰው የቀረጸውን ቅጂ ወስዳችሁ መጠቀም አትችሉም፣ ቅጂው የራሱ ባለመብት አለው።

ስክሪፕት አንባቢ
ሁሉም ስለ መሣሪያው አወራ፣ ታሪኩ ብቻውን ቀረ። ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ መጨረሻው ላይ ልጁን የውጭ አገር ቤተሰብ ወስዶ ያሳድገዋል የሚል ሐሳብ ካላችሁ ዘመኑን አስተካክሉ። የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን በጥር 2010 ዓ.ም. ከልክሏል። ዛሬ ላይ የሚካሄድ ታሪክ በዚያ አይቋጭም። የአክስቲቱ መጨረሻ ስለዚህም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የፈረንጁን ፊልም መጨረሻ፣ ማለትም ትልቅ ኦርኬስትራ፣ ልጁ መሪ፣ ወላጆቹ ከሕዝብ መሀል፣ ወደ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ገልብጣችሁ አታምጡት። የራሳችን አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ከአርመን ገዳም 40 ወላጅ አልባ ልጆች ይዘው አዲስ አበባ መጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት። የነሐስ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን ዜማ ሠራለት፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በዚህ አገር የቤተ መንግሥት ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የሙት ልጆች ትንፋሽ አለ እኮ! ከዚያም ርቆ፣ በትውፊታችን ቅዱስ ያሬድ ራሱ አባቱን በልጅነቱ አጥቶ አጎቱ አባ ጌዴዎን ዘንድ ያደገ፣ ትምህርት ያልገባው ልጅ ነው። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን የወጣችውን ትል አይቶ ተመለሰ። ልጃችሁን «በተአምር የተወለደ ሊቅ» ከማድረግ ሰባት ጊዜ ያስሞክሩት። ከላይ የተባለው የሁለቱ ጅማት ትዕይንትም ያኔ ይከብዳል፦ መጀመሪያ የተሳሳተውን ጅማት ያላላ፣ ይመልሰው፣ ከዚያ ትክክለኛውን።

ባለ አምስት ጅማት
ይህ ከእኔ ይሻላል። ለማሳየትም ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ሶልን ያላላ። ጆሮ ላይ ወዲያው ይጎረብጣል፣ ሙዚቃ የማያውቅ ተመልካችም ይሰማዋል።

የአራዳ ካሜራ
ስክሪፕቱን ዛሬ ማታ እከልሳለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ማጉያው እየለቀቀ የልጁ ክራር ራሱም ይጮኻል፣ ይጋጫል። ማሲንቆውን በሙጫ ፈታችሁት፣ ክራሩንስ?

ባለ አምስት ጅማት
ቀጭን ስፖንጅ ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ ከበርኩማው (ጅማቶቹ ቆዳው ላይ ከሚያርፉበት እንጨት) አጠገብ፣ ከጅማቶቹ ሥር። ከፊት እንዳይታይ የቆዳውን ቀለም ይምሰል። በጣም ከጠቀጠቃችሁት ጅማቱ መንቀጥቀጡን ያቆማል፤ በቅርብ ቀረጻ ደረቅ ጅማት ይታወቃል። «ጧ» የሚል አጭር ድምፅ እስኪቀር ድረስ ብቻ። የመቃኛውን ትዕይንት ስትቀርጹ ግን አውጡት፣ እሱ በቀጥታ ድምፅ ነው የሚያምረው።